ኢሲጂ በትክክል ማንሳትና የልብ ምት ማንበብ፦ ከኬብል አያያዝ እስከ ብቃት ፊርማ

ይህ መመሪያ በወሎ ሆስፒታሎችና ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያትም) ማሽን ባላቸው ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች፣ እንዲሁም እነሱን አሠልጥነው «በቅቷል» ብለው ለሚፈርሙ ኃላፊዎች ነው። ሰልጣኝ ንባብ አቃተው ሲባል ወረቀቱን መልሰው ቢያዩት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተፈጠረው ገና ኤሌክትሮዱ (ሰውነት ላይ የሚያያዘው የሽቦው ጫፍ) ሲለጠፍ ነው። በተሳሳተ ወረቀት ላይ ማንም በትክክል አያነብም። ስለዚህ ፊርማው ሁለት ይሁን፦ አንዱ ለማንሳት፣ ሌላው ለማንበብ። የመጀመሪያው ሳይፈረም ሁለተኛው አይፈረምም።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

- ባትሪው የሞላ ማሽን። ባትሪው የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ያገኙታል።
- ለዚያው ማሽን የሚሆን ቴርማል (በሙቀት የሚታተም) ወረቀት፣ ከአንድ ትርፍ ጋር።
- 10 ኤሌክትሮድ። የሚለጠፍ ከሆነ ጄሉ ያልደረቀ፤ መቆንጠጫና የጎማ መምጠጫ ከሆነ ከነጄሉ።
- አልኮል፣ ጎዝ፣ ምላጭ።
- መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ።
- እስክሪብቶ።

ቴርማል ወረቀት ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። ባቲ ወይም ከሚሴ መስኮት ሥር የተተወ ጥቅል ሳይታተምበት ይጠቁራል፤ የታተመው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል። አልኮል የነካው እጅም ያበላሸዋል። ካርድ ውስጥ የሚቀመጠው ፎቶ ኮፒው ይሁን።

መቆንጠጫውንና መምጠጫውን አገላብጠው ይዩ። የትናንት ጄል ደርቆ እንደ ቅርፊት ከተጣበቀበት በሞቀ ውኃ ይታጠብና ይድረቅ። ያ ቅርፊት ካልተነሳ ቀሪው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን ያስተካክሉ

1. የወረቀት ፍጥነት፦ በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር።
2. ቁመት፦ ለ1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር።
3. የመብራት ረብሻ ማጣሪያ፦ 50 ሄርዝ። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ማሽን 60 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ቅንብሩን ከፍተው ያረጋግጡ።
4. የታችኛው ማጣሪያ፦ 0.05 ሄርዝ። 0.5 ላይ ካለ የኤስቲ መስመር (በኪውአርኤስና በቲ ሞገድ መካከል ያለው) ያለ በሽታው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።
5. የላይኛው ማጣሪያ፦ ለአዋቂ 150 ሄርዝ። የጡንቻ ማጣሪያ የሚባለውን 40 ሄርዝ መጀመሪያ ላይ አይክፈቱ። ወረቀቱን ያሳምራል፤ ነገር ግን የኪውአርኤስን (የታችኛው የልብ ክፍል ሲመታ የሚወጣውን ሞገድ) ሹል ጫፍ ይገዘግዘዋል፣ የፔስሜከርን (ደረት ውስጥ የሚቀበር የምት ማስነሻ) ምልክትም ሊያጠፋው ይችላል።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚታተመውን የመለኪያ ምልክት ይፈልጉ። ቁመቱ 10 ትንንሽ ካሬ፣ ስፋቱ 5 ትንንሽ ካሬ ሊሆን ይገባል። ቁመቱ 5 ብቻ ከሆነ ሞገዶቹ በግማሽ ቀንሰው ታትመዋል፤ ይህን ሳያዩ «ቮልቴጁ ዝቅ ብሏል፣ ልቡ ዙሪያ ውኃ አለ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ፍጥነቱ 50 ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይለጠጥና በደቂቃ 80 የሚመታው ልብ 40 መስሎ ይቆጠራል።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ማሽኑ 14:20 ሲል እኛ ከቀኑ 8:20 እንላለን። አንዱ ወረቀት በማሽኑ ሰዓት፣ ሌላው በእጅ በእኛ ሰዓት ከተጻፈ ደረቱን ያመመው ሰው ሁለት ኢሲጂ የትኛው ይቅደም የትኛው ይከተል ሳይታወቅ ይቀራል። በእጅ ሲጽፉ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን፣ ከቀኑም ጋር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ታካሚውን ያዘጋጁ

ስምና ዕድሜ ከታካሚው አንደበት ይጠይቁና ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሰዎች ወረፋ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአያት ስም ድረስ ይጻፉ።

ሽቦ ያየ ሽማግሌ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ይመስለዋል። «አብሽሩ አባባ፣ ይኼ ማሽን ያዳምጣል እንጂ ምንም አይሰጥም» ማለት ይበቃል። የፈራ ሰው ጡንቻው ይወጠራል፣ የተወጠረ ጡንቻ ደግሞ ወረቀቱን ያሻክራል።

ከዚያ በቅደም ተከተል፦

1. 5 ደቂቃ ያሳርፉ። ደሴ ላይ ዳገት ወጥቶ የመጣን ሰው ወዲያው ቢያነሱት የሚያገኙት የዳገቱን ምት ነው።
2. ዛሬ ጫት ቅመው ወይም ቡና ጠጥተው እንደሆነ ይጠይቁ። የሚወስዱትን መድኃኒትም ይጠይቁ፤ በተለይ ዲጎክሲን፣ ላሲክስ፣ የግፊትና የወባ መድኃኒት። መልሱን ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። «ቅሜያለሁ» ያለን ሰው ግን ሳያነሱ አይመልሱት።
3. መጋረጃ ይሳቡ። ለሴት ታካሚ የሚቻል ከሆነ ሴት ባለሙያ ታንሳ፤ ካልተቻለ አብራት የመጣች ዘመድ ትግባ። ደረቷ በነጠላዋ ይሸፈንና ኤሌክትሮድ የሚለጠፍበት ብቻ ይገለጥ።
4. ማተብ፣ ክታብ፣ አልቦ ወይም አምባር አይበጥሱ፣ አውልቁም አይበሉ። ኤሌክትሮዱን እስካልነካ ድረስ ጉዳት የለውም፤ ገለል ማድረግ ይበቃል።
5. ቆዳውን ያጽዱ። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ደረት ላይ ኤሌክትሮድ አይዝም፤ በአልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ በደረቅ ጎዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈገፈግ ያድርጉ። ጠጉር ከበዛ በታካሚው ፈቃድ ቦታውን ብቻ ይላጩ።
6. በጀርባ ያስተኙ፣ እጆቹ ከጎን ይዘርጉ። ከመቀመጫ ሥር የገባ ወይም የአልጋ ብረት የጨበጠ እጅ ይፈታ። ስልክ ከኪስ ይውጣ።

መተኛት የማይችል ሰው ይገጥምዎታል፤ ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ይታፈናል። አያስገድዱት። ራስጌውን ወደ 45 ዲግሪ ከፍ አድርገው ያንሱና «ግማሽ ተቀምጦ» ብለው ይጻፉ። የአቀማመጥ ለውጥ የሞገዱን ቁመት ስለሚቀይር ነገ ተኝቶ ከሚነሳው ጋር ሲነጻጸር ይህች ቃል ታድንዎታለች።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት የተገለጠ ደረት ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብሱ ከእግር እስከ ሆድ ይድረስ፣ አልኮሉም እስኪተን ይጠበቅ። ቆላው ላይ ችግሩ ላብ ነው፤ በጎዝ አድርቀው ወዲያው ይለጥፉ፣ ወዲያው ያንሱ።

ደረጃ 3፦ የእጅና የእግር ኤሌክትሮዶች

መጀመሪያ ኬብሉ የየትኛው የቀለም ሥርዓት እንደሆነ ይለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት።

የአውሮፓው ሥርዓት ለእኛ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ባንዲራችንን ከሥር ወደ ላይ ማንበብ ነው፦

1. ቀኝ እጅ፦ ቀይ
2. ግራ እጅ፦ ቢጫ
3. ግራ እግር፦ አረንጓዴ
4. ቀኝ እግር፦ ጥቁር

የአሜሪካው ሥርዓት ደግሞ፦ ቀኝ እጅ ነጭ፣ ግራ እጅ ጥቁር፣ ግራ እግር ቀይ፣ ቀኝ እግር አረንጓዴ።

ምልክቱ ነጭ ነው። ከእጅና ከእግር ሽቦዎች መካከል ነጭ ካዩ የአሜሪካ ነው፤ ያን ጊዜ ባንዲራውን ይርሱ። በባንዲራ ልማድ የአሜሪካን ኬብል ያሰረ ሰው ቀይን ቀኝ እጅ፣ አረንጓዴን ግራ እግር፣ ጥቁርን ቀኝ እግር ያደርግና የተረፈውን ነጭ ግራ እጅ ላይ ይለጥፋል። አራቱም ከቦታቸው ወጡ ማለት ነው። የተቀየረ ኬብል ባለበት ክፍል ውስጥ ቀለም አይመኑ፤ ሽቦው ጫፍ ላይ የተጻፈውን ፊደል ያንብቡ።

ቦታው ከእጅ አንጓ በላይ በውስጥ በኩልና ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው፤ አጥንት ላይ ሳይሆን ሥጋ ላይ። አንድ እጅ ጄሶ ካለበት ወይም ከተቆረጠ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉ፣ የሌላውንም እጅ በዚያው ልክ ከፍ ያድርጉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከሆነ ወደ ላይኛው ክንድና ወደ ጭን ያንሱትና ይጻፉ። ደረትና ሆድ ላይ ግን አይለጥፉ።

ደረጃ 4፦ የደረት ኤሌክትሮዶች

ስድስቱ የደረት ኤሌክትሮዶች ከቪ1 እስከ ቪ6 ይባላሉ። በዓይን አይገምቱ፣ በጡት ጫፍም አይለኩ። ይቁጠሩ።

1. ጣትዎን ከአንገት ሥር ካለው ጉድጓድ ላይ ያድርጉ። በደረት አጥንቱ መሐል ወደ 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀስ ብለው ወደ ታች ያንሸራቱ። ጣትዎን የምታደናቅፍ አግድም ጉብታ ትገኛለች። ወፍራም ሰው ላይ ጫን ብለው ይፈልጓት፤ አለች።
2. ከጉብታዋ ወደ ታካሚው ቀኝ ሲሄዱ የሚያገኙት 2ኛው ጎድን ነው። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ቦታ 2ኛው ክፍተት። አንድ ጎድን ይለፉ፣ 3ኛ። አንድ ጎድን ይለፉ፣ 4ኛ።
3. ቪ1፦ በ4ኛው ክፍተት፣ የደረት አጥንቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ።
4. ቪ2፦ በዚያው ልክ፣ ግራ ጠርዝ ላይ።
5. አሁን ቪ3ን ዘለው ቪ4ን ያድርጉ፦ በ5ኛው ክፍተት፣ ከክላቪክል (ከትከሻ ወደ አንገት ሥር የሚሄደው አጥንት) መሐል ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ።
6. ቪ3፦ በቪ2 እና በቪ4 መሐል።
7. ቪ5፦ ከቪ4 ጋር በአንድ አግድም፣ የብብት የፊት ጠርዝ መስመር ላይ።
8. ቪ6፦ በዚያው አግድም፣ የብብት መሐል መስመር ላይ።

ቪ5 እና ቪ6 የጎድኑን ጥምዝ ተከትለው ወደ ላይ እንዳይወጡ። ታካሚው ተኝቷልና ከቪ4 ወደ አልጋው ቀጥ ብለው ይውረዱ። ለሴት ቪ4፣ ቪ5 እና ቪ6 ከጡት ሥር ይገባሉ፤ ጡቱን በእጅዎ ጀርባ ከፍ ያድርጉ ወይም ራሷ ትያዝ።

የደረቱ ቀለም በሁለቱም ሥርዓት ቪ1 ቀይ፣ ቪ2 ቢጫ፣ ቪ3 አረንጓዴ ነው። በአውሮፓው ቪ4 ቡናማ፣ ቪ5 ጥቁር፣ ቪ6 ሐምራዊ፤ በአሜሪካው ቪ4 ሰማያዊ፣ ቪ5 ብርቱካናማ፣ ቪ6 ሐምራዊ።

*ሲሳሳት ምን ይመጣል?* ቪ1 እና ቪ2 ወደ 2ኛው ወይም 3ኛው ክፍተት ከወጡ የቀኝ ቅርንጫፍ (የልብ የኤሌክትሪክ መስመር) መዘጋት የሚመስል ቅርጽ ይወጣል፣ በቪ2 ላይም ፒ ሞገድ (የላይኛው የልብ ክፍል ሲመታ የሚወጣው ትንሽ ሞገድ) ወደ ታች ሊገለበጥ ይችላል። አር ሞገድ (የኪውአርኤስ ወደ ላይ የሚወጣው ጫፍ) ሳያድግ ሲቀርም የልብ ፊት ግድግዳ ድሮ የሞተ ይመስላል። ጤነኛ ሰው «የልብ ድካም አለብህ» ተብሎ አስፕሪን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው በዚህ ነው።

መምጠጫ ለሚጠቀሙ፦ ጄሉን ከቪ1 እስከ ቪ6 እንደ ቅባት በአንድ መስመር አይቀቡ። ጄል ከጄል ሲነካካ ሁሉም አንድ ኤሌክትሮድ ይሆናሉ። ቪ1፣ ቪ2 እና ቪ3 አንድ ዓይነት ሆነው ከወጡ ጠርገው በነጠብጣብ ይቀቡ።

ደረጃ 5፦ ያንሱ፣ ረብሻ ካለም ምንጩን ያግኙ

ታካሚው ዓይኑን ከድኖ በዝግታ ይተንፍስ፣ አይናገር። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲረጋ ቁልፉን ይጫኑ። የተለመደው ወረቀት 10 ሴኮንድ ይይዛል። ከሥሩ ረጅም ሊድ 2 (ሊድ ማለት ልብን ከአንድ አቅጣጫ የሚያይ መስመር ነው) እንዲወጣ ያድርጉ፤ ምት የሚነበበው እሱ ላይ ነው።

ረብሻ ሲኖር ሁሉንም ኤሌክትሮድ ነቅሎ እንደገና መለጠፍ ጊዜ መግደል ነው። ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል፦

- ሊድ 1 እና 2 ተረብሸው 3 ንጹሕ ከሆነ፦ ቀኝ እጅ።
- ሊድ 1 እና 3 ተረብሸው 2 ንጹሕ ከሆነ፦ ግራ እጅ።
- ሊድ 2 እና 3 ተረብሸው 1 ንጹሕ ከሆነ፦ ግራ እግር።
- አንድ የደረት ሊድ ብቻ ከሆነ፦ ያው ራሱ።
- ሁሉም ላይ እኩል የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ፦ የመብራት ረብሻ። የቀኝ እግሩን ኤሌክትሮድ ይፈትሹ፣ የስልክ ቻርጀር ይንቀሉ፣ ማሽኑንም ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ያንሱ።

መስመሩ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ካለ ትንፋሽ ወይም የላላ ኤሌክትሮድ ነው። ወጣ ገባ ያለ ሻካራ ከሆነ ጡንቻ ነው፤ አልብሰው፣ አረጋግተው ይጠብቁ። 40 ሄርዝ ማጣሪያ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው፤ ያን ጊዜም በወረቀቱ ላይ ይጻፋል።

አንድ አደገኛ ማሳሳቻ አለ። የእጅ መንቀጥቀጥ ሰፊና ፈጣን ምት መስሎ ይወጣና ክፍሉን ሁሉ ያስደነግጣል። በግርግሩ ውስጥ እኩል እየተራመዱ የሚያልፉ ቀጭን ሹሎች ካሉ እነሱ እውነተኛዎቹ ኪውአርኤሶች ናቸው። ታካሚው እያወራዎት ከሆነና በእጅዎ የሚቆጥሩት ምት 80 ከሆነ ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልስ ማሽን) አይጎትቱ።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሮዱን ሳይነቅሉ ወረቀቱን ይፈትሹ

ታካሚው ልብሱን ለብሶ ከወጣ በኋላ የተገኘ ስሕተት አይታረምም። አንድ ደቂቃ ይውሰዱ፦

1. ሊድ 1 ላይ ፒ እና ኪውአርኤስ ወደ ላይ ናቸው?
2. ኤቪአር (ከቀኝ እጅ በኩል የሚያይ ሊድ) ላይ ወደ ታች ናቸው?
3. ሊድ 1፣ 2 ወይም 3 ቀጥ ያለ መስመር መስሎ የቀረ አለ?
4. የሊድ 1 እና የሊድ 3 ቁመት ሲደመር ሊድ 2ን ይሰጣል? ይህ ከማሽኑ የሒሳብ አሠራር የመጣ ነው፤ ኬብል ቢገለባበጥም ድምሩ ይሰራል። ስለዚህ «ድምሩ ትክክል ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ድምሩ ካልሰራ ግን ችግሩ ከማሽኑ ወይም ከታተመው ወረቀት ነው።
5. ከቪ1 ወደ ቪ4 ሲሄድ አር እያደገ ነው?

መልሱ ከተዛባ መገለባበጡን በቅርጹ ይለዩ፦

- *ቀኝና ግራ እጅ ሲቀያየር*፦ ሊድ 1 ይገለበጣል፣ ኤቪአር ወደ ላይ ይሆናል፣ ሊድ 2 እና 3 ቦታ ይለዋወጣሉ። በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ነው።
- *ቀኝ እጅና ቀኝ እግር*፦ ሊድ 2 ጠፍጣፋ ለመሆን ይቃረባል።
- *ግራ እጅና ቀኝ እግር*፦ ሊድ 3 ጠፍጣፋ ለመሆን ይቃረባል።
- *ግራ እጅና ግራ እግር*፦ ሊድ 1 እና 2 ይለዋወጣሉ፣ ሊድ 3 ይገለበጣል። ይህ ጤነኛ መስሎ ስለሚያልፍ ከድሮ ወረቀት ጋር ካልተያየ አይያዝም።
- *ሁለቱ እግሮች*፦ የሚታይ ለውጥ የለም፤ አያስጨንቅም።

ሊድ 1 ተገልብጦ የደረት ሊዶች ግን እንደ ወጉ እያደጉ ከሆነ ኬብል ነው። ሊድ 1 ተገልብጦ ከቪ1 ወደ ቪ6 አር እያነሰ ከሄደ ልቡ በቀኝ በኩል ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮዶቹን ወደ ቀኝ ደረት አዙረው ሁለተኛ ያንሱና «የቀኝ ደረት» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ምቱን ያንብቡ

ማሽኑ አናቱ ላይ የሚያትመውን ትርጉም በእጅዎ ሸፍነው ይጀምሩ። ማሽን የሚንቀጠቀጥ መስመር አይቶ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል የተዘበራረቀ መንቀጥቀጥ) ይላል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽኑን ደግሞ ጤናማ ምት ብሎ ያልፋል። የራስዎን ጽፈው ሲጨርሱ ያነጻጽሩ።

1. የታካሚውን እጅ ይያዙ። ወረቀቱ የሚለውና እጁ ላይ የሚመታው ይስማማሉ?
2. ፍጥነት። እኩል ለሚሄድ ምት በሁለት አር መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ይቁጠሩና 300ን ያካፍሉ፦ 2 ካሬ 150፣ 3 ካሬ 100፣ 4 ካሬ 75፣ 5 ካሬ 60። ለተዘበራረቀ ምት በ10 ሴኮንዱ ወረቀት ላይ ያሉትን ኪውአርኤሶች ቆጥረው በ6 ያባዙ።
3. እኩልነት። ሦስት አር በነጭ ወረቀት ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርጉና ወረቀቱን ያንሸራቱ። ይገጥማል?
4. ፒ ሞገድ። ሊድ 2 ላይ ወደ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በፊት፣ አንድ መልክ።
5. ፒአር (ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ)። ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ፣ ማለትም ከ0.12 እስከ 0.20 ሴኮንድ።
6. ኪውአርኤስ። ከ3 ትንንሽ ካሬ ያነሰ። 3 ወይም ከዚያ በላይ ሰፊ ነው።
7. ኪውቲ (ከኪውአርኤስ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ)። ሊድ 2 ወይም ቪ5 ላይ ይለኩ። ምቱ ከ60 እስከ 100 ከሆነ ከአንድ አር እስከ ቀጣዩ አር ያለውን ርቀት ግማሽ ማለፍ የለበትም። ካለፈ በትክክል ይሰላ፤ ለፍጥነት ታርሞ ከ500 ሚሊሴኮንድ በላይ የሆነ አደገኛ ነው።

እዚህ አካባቢ ደጋግሞ የሚያጋጥሙትን ሦስት ነገሮች ለይተው ይወቁ።

*ፒ የሌለው፣ ፈጽሞ እኩል ያልሆነ ምት።* ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። ወጣት ሴት ላይ ከታየ በቶንሲል መዘዝ የጠበበ የሚትራል ቫልቭ ይጠርጥሩ፣ ለኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይላኩ። እንቅርት ካለም የታይሮይድ ምርመራ ይጨመር። ከሚትራል ጥበት ጋር የመጣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የአንጎል ደም ቧንቧ የመዘጋት ብርቱ ስጋት ያመጣልና የደም ማቅጠኛው ጉዳይ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

*ጫት የቃመ ሰው ፈጣን ምት።* ፒው በሊድ 2 ወደ ላይ ሆኖ፣ ሲያርፍ ቀስ በቀስ ዝቅ ካለ ሳይነስ (የልብ ተፈጥሯዊ ምት) ነው። ግማሽ ሰዓት አስተኝተው ደግመው ያንሱ። ፍጥነቱ 150 ላይ ችክ ብሎ ቢተነፍስ፣ ቢያርፍ፣ ቢነሳ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን ጫቱን አይውቀሱ። ኤትሪያል ፍላተር (የላይኛው የልብ ክፍል እጅግ ፈጣን፣ እኩል ምት) ይሆናል፤ ሊድ 2፣ 3፣ ኤቪኤፍ (ከእግር በኩል የሚያይ ሊድ) ላይ የመጋዝ ጥርስ ይፈልጉ።

*በደቂቃ 35 የሚመታ፣ ራሱን የሚስት አዛውንት።* ፒዎቹን ብቻ ነጥለው በወረቀት ጠርዝ ይለኩ። ፒ በራሱ እኩል፣ ኪውአርኤስም በራሱ እኩል እየሄዱ እርስ በርስ ካልተገናኙ ሙሉ የልብ ብሎክ ነው። ፔስሜከር ያስፈልገዋል፤ ብቻውን ወደ ቤት አይላክም።

ወረቀቱን አስቀምጠው ወዲያው ሐኪም የሚጠሩባቸው

- ምት የለም፣ መስመሩ ግርግር ነው፦ ደረት መጫን ይጀምሩ፣ ዲፊብሪሌተር ያስመጡ።
- ሰፊ ኪውአርኤስ፣ ከ100 በላይ፣ እኩል፦ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት) ነው። ግፊቱ ከወረደ ወይም ከደነዘዘ የሚድነው በኤሌክትሪክ ነው።
- ሰፊ፣ እጅግ ፈጣንና እኩል ያልሆነ፦ ቬራፓሚል፣ ዲጎክሲን ወይም አዴኖሲን እንዳይሰጥ። ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ባለው ልብ ላይ ወደ ሞት ሊመራ ይችላል።
- ሹል ረጅም ቲ ከሰፋ ኪውአርኤስ ጋር፣ በተለይ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ፦ ፖታሲየም ከፍ ብሏል። ላብራቶሪ እስኪመጣ አይጠበቅም።
- ደረቱን ያመመው ሰው ላይ ከፍ ያለ ኤስቲ፦ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ሪፈራሉ አሁን ይጀመር። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ በየ15 ደቂቃው ይድገሙ፤ የኤሌክትሮዱ ቦታ እንዳይዛባ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ ሰልጣኙን ፈትነው ይፈርሙ

*የማንሳት ፊርማ።* የሚከተለው አሠራር በማንኛውም ክፍል ይሠራል። ሰልጣኙ አሠልጣኝ ቆሞ እያየው በተከታታይ 10 ኢሲጂ ያንሳ፤ ከእነዚህ ቢያንስ 3ቱ ሴቶች ይሁኑ። አንድ የኬብል መገለባበጥ ወይም ያልተቆጠረ ጎድን ከተገኘ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። ከዚያ አንድ ባልደረባ ይተኛና አሠልጣኙ ሆን ብሎ ሁለት ሽቦ ያቀያይር፤ ሰልጣኙ ወረቀቱን ብቻ አይቶ የትኞቹ እንደሆኑ ይናገር። ኬብሉን እንዲያይ አይፈቀድለትም።

*የንባብ ፊርማ።* የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት የብቃት መስፈርት ለሐኪም 500 ኢሲጂ በተቆጣጣሪ ሥር ማንበብን፣ ብቃትን ለማቆየት ደግሞ በዓመት 100 ማንበብን ይመክራል። ይህ ቁጥር በአንድ ወር አይሞላም፤ «ሞላ» ሲባል ከተሰማ ሎግቡኩ (የተሠራው የሚመዘገብበት ደብተር) ይመርመር። ለነርስ ዓላማው ሌላ ነው፦ ጤናማውን ከታመመው፣ የሚያስቸኩለውን ከሚጠብቀው መለየት። ከላይ ያሉትን አስቸኳዮች በሙሉ፣ አንድም ሳይስት፣ ተቀላቅለው ከቀረቡ 20 ወረቀቶች ውስጥ ይለይ። አሥራ ዘጠኙን አግኝቶ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያውን የሳተ አልፏል አይባልም።

ሎግቡኩ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ቀን፣ የካርድ ቁጥር (ስም አይጻፍ)፣ የሰልጣኙ ንባብ፣ የአሠልጣኙ ንባብ፣ ልዩነቱ፣ ፊርማ። የሰልጣኙ ንባብ ከአሠልጣኙ በፊት በእስክሪብቶ ይጻፍ። በእርሳስ ተጽፎ በኋላ የታረመ ሎግቡክ የአሠልጣኙን እውቀት እንጂ የሰልጣኙን አያሳይም።

ከዚህ አልፎ የልብ ምት ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ ሐኪም መንገዱ ረጅም መሆኑን ይወቅ። በአሜሪካ ከሕክምና ትምህርት በኋላ 3 ዓመት የውስጥ ደዌ፣ 3 ዓመት የልብ፣ ከዚያ 2 ዓመት የምት ሥልጠና ይጠየቃል። የአውሮፓ የልብ ምት ማኅበር ደግሞ የጽሑፍ ፈተናንና የተሠሩ ሥራዎች ሎግቡክን ለየብቻ ይመዝናል። በሁለቱም ቦታ ማንም ዛሬ ያነሳውን ኢሲጂ ሳያነብ ነገ ካቴተር (ወደ ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አያስገባም።

*ሰልጣኙ ከወደቀ።* ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ስሕተት ከወደቀ ወረቀት መጨመሩን ያቁሙ። ስሕተቱ ቪ1 ላይ ከሆነ ኤሌክትሮዱን አስቀምጦ በአምስት ሰዎች ላይ ጎድን ብቻ ይቁጠር፤ አሠልጣኙም በራሱ ጣት እየተከተለ ያረጋግጥ። ስሕተቱ የፒ ሞገድ ፍለጋ ላይ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ሌላ ነገር ሳያነብ ረጅሙን ሊድ 2 እየወሰደ ፒዎችን ብቻ በእስክሪብቶ ይክበብ። ከስድስት ወር በላይ ኢሲጂ ያላነሳ ሰውም፣ ፊርማ ቢኖረው እንኳ፣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ መጀመሪያ ሦስት ሰው በአሠልጣኝ ፊት ያንሳ።